ለፈተና የተጠራ ዋስ

አቶ ገብረሥላሴ ነጥብ የማይሰጡት ነገር አልነበረም። የአሰላ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስለሆኑ ለተማሪና ለመምህር መስጠታቸው የወግ ነው። ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለሰባኪውም ይሰጣሉ፤ በሐምሌ ከጭላሎ ተራራ ለሚወርደው ዝናብም ይሰጣሉ፤ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የውብዳር ሽሮም ይሰጣሉ። ሽሮው አንድ ጊዜ ሰማንያ ሁለት አግኝቶ ያውቃል። ወይዘሮ የውብዳር በበኩላቸው ለባላቸው ስንት እንደሚሰጡ ተጠይቀው አያውቁም። ባይጠየቁ ይሻላል የሚል ስምምነት በቤቱ ውስጥ ነበር።

ይህ የነጥብ ፍቅር እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አቶ ገብረሥላሴ ዘመድ የሌላቸው ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሥራ የሚገኘው በአጎት ነበር፤ አጎት የሌለው ደጅ ይጠናል፤ ደጅ መጥናት የሰለቸው ወደ አገሩ ይመለሳል። እሳቸውም ከአንድ ትልቅ ሰው ደጃፍ ቆመው፣ የትልቁን ሰው በቅሎ ውሃ እያጠጡ፣ እንኳን ጌታዋ በቅሎዋም ሳታውቃቸው ሊቀሩ ሲሉ መንግሥት ለጸሐፊነት ፈተና አወጣ። ተፈተኑና አንደኛ ወጡ። የትልቁ ሰው የወንድም ልጅ ወደቀ። ያን ቀን አቶ ገብረሥላሴ ከእመቤታችን ቀጥሎ የሚያምኑበትን ነገር አገኙ። «ነጥብ ያባትህን ስም አይጠይቅም» ይሉ ነበር፣ ሰው ሰማቸውም አልሰማቸውም። እውነታቸውን ነው፤ አይጠይቅም።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቤሩት የሚላኩ መምህራን እንዲጠቆሙ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣ። በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ዲግሪ ያላቸው ያገር ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ባለዲግሪዎች ሕንዶች ናቸው። አንደኛው ተክለወልድ ይባላል። ትምህርት ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ የኖረ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ትክክለኛ መልስ የሰጠ የሚመስል ልጅ ነው። ሁለተኛው ፍሰሐ ነው። ፍሰሐ ኮሌጁን የጨረሰው ጨረሰ ለማለት ያህል በሚበቃ ነጥብ ነበር። የደገመው ትምህርት አለ፤ ደግሞ የሠለሰውም አለ።

ትእዛዙ ከተወሰነው ነጥብ በታች ያለ ሰው ይቅር፣ አለቃው «ትምህርቱን ይፈጽማል» ብሎ በፊርማው ካልመሰከረለት በቀር፣ ይላል። የተክለወልድን ወረቀት አቶ ገብረሥላሴ ሻያቸው ሳይበርድ ጽፈው ጨረሱ። ከሰዓት በኋላ ፍሰሐ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሆን ትሄዳለህ?» አሉት።

«እንደ እኔ ቀስ ብሎ የሚገባው ልጅ እንዴት መማር እንዳለበት ላጠና ነው» አለ ፍሰሐ። «ክፍሌ ውስጥ ግማሹ እንደዚያ ነው። ለፈጣኑ ልጅ መምህር አያስፈልገውም፤ ወንበር ይበቃዋል።»

«ነጥብህ ግን...»

«አውቀዋለሁ፣ አቶ ገብረሥላሴ። አብሬው ነው የኖርኩት።»

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» አይልም፤ ነውር ነው። «ነገ ና» ይላል። ነገ የማይሰለቸው ሰው ከሆነ ደግሞ «ዋስ ጥራ» ይላል። ዋስ ያጣው ይቀራል፤ ማንም ማንንም አላስቀየመም። ፍሰሐ ነገ የማይሰለቸው ሰው መሆኑን አቶ ገብረሥላሴ ያውቁ ስለ ነበር «ነገ ና» የሚለውን ዘለሉት።

«ምስክርነቱን የምጽፈው እንዳትወድቅ ዋስ ስትጠራ ነው» አሉት።

«ላለመውደቅ ዋስ?»

«ለዕዳ ይጠራል፤ ለነፍስ ይጠራል። ለፈተና የማይጠራበት ምን ምክንያት አለ?»

ፍሰሐ ትንሽ አሰበና እጅ ነሥቶ ወጣ። አቶ ገብረሥላሴ በብልሃታቸው ተደሰቱ። ለብልሃቱም ዘጠና ሰጡት።

ሰኞ ጧት ፍሰሐ ከሊልን አስከትሎ መጣ። ከሊል ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ጥግ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በአሰላ በዋስነቱ የሚስተካከለው አልነበረም። ከኢተያ እስከ ሲሬ በቅሎ ሰረቀ የተባለውም፣ ጎረቤቱን ፈነከተ የተባለውም ከሊልን ይጠራል። እሱ የዋሳቸው ሰዎች በቀጠሯቸው ቀን ቀርተው አያውቁም፤ ምክንያቱም በዋዜማው ከሊል ራሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

«የምን ዋስ ነው የፈለጉት?» አለ ገና ሳይቀመጥ። «የገንዘብ ነው የአካል?»

አቶ ገብረሥላሴ ይህን አላሰቡበትም ነበር። የገንዘብ ቢሉት ያመጣል። «የአካል ነው» አሉ፣ ሊያስደነግጡት።

ከሊል አልደነገጠም። «የአካል ከሆነ ሰውየው ሲጎድል እኔ በእሱ ፈንታ እገባለሁ ማለት ነው። ወህኒ ቤት ሲሆን መግቢያውን አውቀዋለሁ። የዚህኛው መግቢያው የት ነው?»

«ቤሩት።»

«ገብቼ ምን እሠራለሁ?»

«ትማራለህ። ትፈተናለህ።»

ከሊል ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «የእስላም ሥጋ ይገኛል?»

«አገሩ እኮ የዓረብ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለ።

ፍሰሐ ፊቱ ቀላ። «አቶ ከሊል፣ ይቅርብዎ፤ እኔ እንዲህ ይመጣል ብዬ አይደለም...»

«አንተ ዝም በል፤ ዋስ ሲነጋገር ዋስ ጠሪው አያወራም።»

አቶ ገብረሥላሴ ሳቃቸውን እያፈኑ ለጸሐፊያቸው ቃሉን ነገሩት፤ «ፍሰሐ በትምህርቱ ቢወድቅ እኔ ከሊል በእግሩ ተተክቼ እገባለሁ።» ከሊል ፊርማውን በረጅሙ ጻፈ፤ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ጭነት እያነሣ አስቀመጣት። ማኅተም ተመታ። አንዱ ቅጂ ለከሊል ተሰጠ፤ እሱም አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ነው አቶ ገብረሥላሴ እሳቸውም ቃል መግባታቸው የታወሳቸው። ሌላ ምን ይጽፋሉ? «ነጥቡ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ዋስ አለው» ብለው ጻፉ።

አዲስ አበባ ያሉት ሹማምንት ይህን ሲያነቡ ምን እንደ ገባቸው አይታወቅም። የትልቅ ሰው ዘመድ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ፍሰሐን ሳይውል ሳያድር አሳለፉት። አቶ ገብረሥላሴ ይህን ሲሰሙ ምሳቸውን መብላት አቃታቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዘመድን ሲዋጉ ኖረው በገዛ እጃቸው ለአንድ ሰነፍ ዘመድ ሠሩለት።

መስከረም ላይ ተክለወልድና ፍሰሐ ወደ ቤሩት ሄዱ። በሳምንቱ ከሊል ማታ ማታ ለጎልማሶች በሚሰጠው ትምህርት እንግሊዝኛ ክፍል ገብቶ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ የውብዳር ጨው ሊገዙ ሄደው ስኳር እየመዘነ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ሲል አገኙት።

«ምን ነካው?» ብለው ሚስቱን አስያን ጠየቋት።

«ባዶ እጄን ብገባ አላህ አይወደውም አለ» አለች አስያ፣ አቡጀዲ እየለካች። «እኔም ካፖርት እያሰፋሁለት ነው።»

ወይዘሮ የውብዳር ይህን ለባላቸው ሲነግሩ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። «እርስዎ ለዚህ ስንት ይሰጡታል?» አሉ ብቻ።

በገበያ ቀን ከሊል ወሬ ሊጠይቅ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣል። «ፍሰሐ የሚማረው ምን ምን ነው?» አለ አንድ ቀን። አቶ ገብረሥላሴ ሥነ ልቦና አንዱ መሆኑንና የሰው ጠባይ የሚጠናበት እንደ ሆነ አስረዱት። «እሱ ግድ የለም» አለ ከሊል። «ሱቅ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ነው።» ከዚያ ደግሞ የሒሳብ ትምህርት እንዳለበት ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ። ዘበኛው ቱሳ በር ላይ ሸኘው። ቱሳ የአርሲ ሰው ነው፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። «እኛ ዘንድ ዋቢ፣ ማለት ዋስ፣ ሆኖ የሸሸ ሰው ለልጁ ሚስት አያገኝም፤ ገበያም ቢወጣ ሰላምታ የሚመልስለት የለም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አቶ ገብረሥላሴ ሰምተው መስኮቱን ዘጉት።

በየካቲት የመንፈቁ ውጤት መጣ። ተክለወልድ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። ፍሰሐ በሁለት ትምህርት ወድቋል። ኮሌጁ ሊያሰናብተው መሆኑን አስታውቆ፣ የላከው መሥሪያ ቤት ኃላፊነቱን ወስዶ አንድ ዕድል ይሰጠው ካለ ግን እስከ ሰኔ እንደሚያቆየው ጽፏል።

አቶ ገብረሥላሴ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አድርገው ተመለከቱ። ነጥብ የተናገረው ሁሉ ደርሷል፤ ያንደኛውም፣ የወዳቂውም። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ግን እንደ ጠበቁት አልሆነላቸውም። ቢሆንም እውነት እውነት ነው። «ይመለስ» የሚል መልስ እንዲጻፍ ለጸሐፊያቸው ነገሩና ወረቀቱ ለፊርማ እስኪቀርብ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። ጸሐፊው ለቱሳ ነገረው፤ ቱሳ ለገበያው ነገረው።

ወረቀቱ ሳይቀርብ ከሊል ቀረበ። አዲሱን ካፖርት ለብሷል። በአንድ እጁ የታሰረ ጓዝ፣ በሌላው የመስገጃ ምንጣፉን ይዟል። ጓዙን ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ ቆመ።

«ዋስ ነኝ፤ መጣሁ» አለ። «ሱቁን ለአስያ አስረክቤአለሁ። መኪናው ስንት ሰዓት ነው?»

አቶ ገብረሥላሴ መጀመሪያ ሊስቁ ፈለጉ። የሰውየውን ዓይን ሲያዩ ተዉት። ከሊል ፈርቷል። የፈራ ሰው ነው ካፖርት ለብሶ የመጣው።

«ከሊል፣ ተቀመጥ። ያ ወረቀት... እንዲያው ለወጉ ያህል ነው።»

ከሊል ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ። «ማኅተሙስ? እሱም ለወጉ ነው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ያስቸገረው ሞኙ የትኛው እንደሆነ መለየቱ ነው። አቶ ገብረሥላሴ በመንግሥት ማኅተም ቀልጄ ነበር ማለት ከበዳቸው።

«ለመሆኑ ምን አይተህ ዋስ ሆንክለት?» አሉ በቁጣ። «ነጥቡን ብትጠይቀኝ በነገርኩህ ነበር። ይኸው ነጥቡ ያለው ሆነ!»

«ነጥቡን እኔ ምን አውቄ» አለ ከሊል። «እኔ የማውቀው ሰውየውን ነው። ፊደል ሲያስተምረኝ አንድ ክረምት ሙሉ አልገባ አለኝ። በሰሌዳ ጻፈ፣ አልገባኝም። በዜማ አለው፣ አልገባኝም። ሌላው መምህር ቢሆን ይኸ ሽማግሌ ድንጋይ ነው ብሎ ይተወኝ ነበር። እሱ ግን ‹እኔ ነኝ የወደቅሁት› ይላል። በማግስቱ በሌላ በኩል ይመጣል። ኋላ ሱቄ ድረስ መጥቶ በየዕቃው ላይ ስሙን ጽፎ ለጠፈልኝ፤ ጨው ላይ ጨው፣ ሻማ ላይ ሻማ። ያን ጊዜ ገባኝ። አቶ ገብረሥላሴ፣ እኔ ፍሰሐን ሲወድቅ አይቼዋለሁ፤ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ተክለወልድ ጎበዝ ነው፣ አላህ ይጠብቀው። ግን ሲወድቅ ያየው ማን አለ? ዋስ ሁነው ቢሉኝ ለእሱ ነበር የምፈራው።»

«አሁንም እኮ ወድቋል!»

«ወድቋል። ስለዚህ መጣሁ።»

ጸሐፊው «ይመለስ» የሚለውን ወረቀት ይዞ ገባ፤ የክፍሉን አየር አይቶ ወረቀቱን አስቀምጦ ወጣ።

«ወይ ይላኩኝ» አለ ከሊል፣ «ወይ ዋስነቱን የሚረከበኝ ሰው ይጥሩልኝ። ወጉ እንደሱ ነው፤ ዋስ የሚወርደው ሌላ ዋስ ሲተካ ነው። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብመለስ ነገ ማን ያምነኛል?»

«ማን ይተካሃል?»

ከሊል ዞር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ቱሳን አየው። ቱሳ ጣራውን አየ። ከዚያ ከሊል ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ አቶ ገብረሥላሴ መለሰ።

አቶ ገብረሥላሴ በሕይወታቸው ለማንም ዋስ ሆነው አያውቁም። ለእሳቸውም ማንም ሆኖላቸው አያውቅም። ያኔ በወጣትነታቸው፣ ፈተናውን አንደኛ ካለፉ በኋላ፣ ለሥራው ዋስ ጥራ ተብለው ነበር። ወደ ቀኝም ወደ ግራም ቢያዩ ሰው አልነበረም። ሥራውን ያገኙት ሹሙ አዝኖላቸው ዋስ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሠረዝ ስላደረገበት ነው። ያቺን ሠረዝ ለሚስታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም። አሁን ከጠረጴዛቸው ሥር ያለውን ጓዝ እያዩ አንድ የማያውቁት ስሜት መጣባቸው፤ ቆይቶ ነው ምን እንደሆነ የገባቸው። ቅናት ነው። በሁለት ትምህርት በወደቀው በፍሰሐ ቀኑ። እሳቸው በአንደኝነታቸው ዘመን ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣላቸው ሰው አልነበረም።

የጸሐፊውን ወረቀት ቀደዱት። በራሳቸው እጅ ሌላ ጻፉ፤ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊነቱን ይወስዳል፤ ፍሰሐ ይቆይ። ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

ከሊል በትከሻቸው በኩል አጮልቆ ተመለከተ። «የአካል ነው?» አለ።

አቶ ገብረሥላሴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የአካል ነው» አሉ።

«እንግዲያው አላህ ያግዝዎ» ብሎ ከሊል ጓዙን አነሣ። በር ላይ ሲደርስ ተመልሶ ካፖርቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረላቸው።

ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ለአቶ ገብረሥላሴ ክፉ ነበር። ማንም ወደ ቤሩት እንደማይወስዳቸው ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ግን እንቅልፍ አላመጣላቸውም። ፈተናው በቀረበ ቁጥር የሚፈተኑት እሳቸው ይመስላቸዋል። ከሕንዱ መምህር የሒሳብ መጽሐፍ ተውሰው ጀመሩና ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ቀሩ። ለሽሮው ነጥብ መስጠት አቆሙ። ወይዘሮ የውብዳር መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን አሳሰባቸው።

«እርስዎ ልጁን ሳይወዱት ነው ወይስ ወደውት ነው እንዲህ የሚሆኑት?» አሉ አንድ ቀን ምሳ ሲያቀርቡ።

«እኔ እንጃ» አሉ አቶ ገብረሥላሴ። «ዋስ ሆኜ አላውቅም።»

ሰኔ ሲያልቅ፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ፣ ቴሌግራም መጣ። አቶ ገብረሥላሴ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ። ቱሳ ዣንጥላ ይዞ ተከተላቸው፤ አልደረሰባቸውም። በዚያ ጭቃ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይሮጡ ነበር። ከሊል ሱቅ ደርሰው ባንኮኒውን ያዙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አለፈ!» አሉ። «ፍሰሐ አለፈ! ይቀጥላል!»

ከሊል ሚዛኑን አስቀመጠ። ሁለት እጁን ዘርግቶ አመሰገነ፤ አስያ ከጓዳ እልል አለች። ከዚያ ከሊል እንደ ነጋዴ ልማዱ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለና ጠየቀ።

«በስንት?»

ቴሌግራሙ ስንት እንዳገኘ አይልም። አቶ ገብረሥላሴም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትዝ አላላቸውም።

«አለፈ አልኩህ እኮ!» ብለው ጮኹ፣ ባንኮኒውን በጡጫ እየመቱ። «ሰውየው አለፈ እያልኩህ በስንት ትለኛለህ? ስንት ብሎ ነገር ምን ያደርግልሃል!»

ከሊል ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። አቶ ገብረሥላሴ ጨው ከረጢቱ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ያለቅሱ ነበር።